የዓሣ ገንዳ እንጨትና የሻጩ ኃላፊነት

በአዲስ አበባ በአንዳንድ ሆቴሎች መቀበያ አዳራሽ፥ በሐኪም ቤቶች የተራ መጠበቂያ ክፍልና በባለጸጎች ሳሎን ውስጥ አኳሪየም የሚባለውን የዓሣ መስተዋት ገንዳ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ገንዳው የመጣው ብዙ ጥቃቅን ንግድ አስከትሎ ነው። የአየር መንፊያውን፥ የውሃ ማጣሪያውን፥ መብራቱን፥ የዓሣውን ምግብና ከሥር የሚነጠፈውን ጠጠር የሚያስመጣ አለ፤ ተቀብሎ የሚቸረችርም አለ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል ግን ማንም በዕቃነቱ የማያከብረው፥ የዋጋ ወረቀት እንኳ ሳይለጠፍበት በሱቅ ማዕዘን ተጥሎ የሚታየው፥ በገንዳው ውስጥ ለጌጥ የሚቀመጠው የተፈጥሮ እንጨት ነው።

ስለዚህ እንጨት በነጋዴው ዘንድ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን፥ «ጉቶ ጉቶ ነው፤ ለደረቅ ጉቶ የውጭ ምንዛሪ ማውጣት ዕብደት ነው፤ ከእንጨት ተራ አንድ መልከ መልካም ሥር ገዝቶ አጥቦ ማስቀመጥ ይበቃል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ከነጭራሹ እንጨት ለምን አስፈለገ? ፕላስቲኩ አይበሰብስ፥ ቀለም አይለቅ፤ እርሱን መሸጥ ይሻላል» የሚል ነው። የሁለተኛው አስተያየት ጉዳት የገንዳውን ውበት ማሳነስ ብቻ ስለሆነ ብዙ ክርክር አያሻውም። የፊተኛው ግን ግማሽ እውነት ያለበት በመሆኑ የበለጠ ያሳስታል፤ ገንዘብም ያከስራል።

ነገሩን ለማስረዳት በአንድ ባለሱቅ ላይ የደረሰውን መጥቀስ ይበቃል። ይህ ሰው ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት 300 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ ከነዓሣው ሸጠ። የተዋዋሉት ገንዳው እንደ ውጭ አገሩ አጊጦ እንዲቀርብ ነበርና፥ ባለሱቁ ከቡና አገር በመጣ የማገዶ ጭነት ውስጥ ያገኘውን፥ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ፥ ቅርፊቱ ያልተላጠ ሥር በርካሽ ገዝቶ በቧንቧ ውሃ አጥቦ አስገባው። ገንዳው አማረ። የቤቱ ባለቤትም ደስ ብሎት ቀሪውን ሒሳብ በዚያው ዕለት ከፈለ። በማግሥቱ ጧት ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ተገኙ፤ ከቀትር በኋላ የሞቱት ተለቅመው በባልዲ ወጡ።

ከዚያ የተከተለው ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ጭቅጭቅ ነው። ገዢው፥ «የታመመ ዓሣ ነው የሸጡልኝ» አለ። ሻጩ በበኩሉ፥ «የቧንቧው ክሎሪን ነው የፈጃቸው፤ ሠራተኞችዎ ሳያሳድሩት ውሃ ጨምረውበታል» ሲል መለሰ። ጥፋቱን እርስ በርስ ሲገፋፉ እንጨቱን የጠረጠረ አልነበረም። ባለሱቁ ስሙን ለማዳን ሲል ውሃውን ለውጦ ሁለተኛ ዓሣ ያለ ዋጋ አስገባ፤ እነዚያም በሁለተኛው ቀን አለቁ። በመጨረሻ ነገሩን የፈታው የዓሣ ሊቅ ሳይሆን የቤቱ ዘበኛ ነው። እኒህ ሽማግሌ ገንዳው ሊታጠብ እንጨቱ በወጣ ጊዜ ቀርበው አገላብጠው ተመለከቱት፤ ቅርፊቱንም በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱና፥ «የኔ ጌታ፥ ይህ የብርብራ ሥር አይደለምን? እኛ አገር በልጅነታችን ወንዝ ወርደን ዓሣ የምናሰክረው በብርብራ ነበር እኮ» አሉ። ባለሱቁ፥ «አባባ፥ አስቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» ቢላቸው፥ «የጠየቀኝ የለ» ብለው መለሱለት።

እርግጥ፥ እንጨቱን መርምሮ የምስክር ወረቀት የሰጠ የለም። ሆኖም ሥሩ ከተጣለ፥ ገንዳው ከታጠበና በማጣሪያው ውስጥ አዲስ ከሰል ከተጨመረ በኋላ የገቡት ሦስተኛዎቹ ዓሦች አንድም አልሞተባቸውም።

ብርብራ በኢትዮጵያ ምድር ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው፤ በብዙ የቡና አገሮችም ለቡናው ጥላ እንዲሆን ይተዋል፥ ይተከላልም። ፍሬው ተወቅጦ ወደ ወንዝ ሲጨመር ዓሣን እንደሚያደነዝዝ የወንዝ ዳር ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በውስጡ ካሉት ነገሮች አንዱ ሮቴኖን የሚባለው ሲሆን፥ ይኸው ነገር ከሌሎች ተክሎች እየወጣ በልዩ ልዩ አገሮች የማይፈለግን ዓሣ ከሐይቅ ለማጥፋት ሲያገለግል የኖረ መርዝ ነው። ወደ ዓሣው በመተንፈሻው በኩል ይገባና ሰውነቱ በደሙ ያለውን ኦክሲጅን እንዳይጠቀምበት ያግደዋል፤ ስለዚህ ዓሣው አየር በሞላበት ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። እንግዲህ ከቡና አገር ማገዶ በሚጭን መኪና ላይ የቡናው ግንድና ጥላው የነበረው ብርብራ ጎን ለጎን ተደርድረው ሊመጡ ይችላሉ። ደርቀው ሲታዩ የሚለያቸው ጥቂት ሰው ነው። በዓሣ ሻጩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን እንደ ሰማይና ምድር የተራራቀ ነው።

ብርብራ ብቻም አይደለም። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን የሚያጠፋ መሆኑን ያልሰማ የገጠር ልጅ የለም። ባሕር ዛፍ ዘይት አለው፤ ጥድም ሙጫና ሽታ ያለው ዘይት አለው፤ ሁለቱም ለገንዳ አይመከሩም። ገና እርጥብ የሆነ ማናቸውም እንጨት በውስጡ ያለው ፈሳሽ በውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ የሚበሰብስ ነገር ደግሞ የውሃውን ኦክሲጅን ይሻማል። ይህ በአዲስ አበባ ይልቁን ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ በውሃዋ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ያነሰ ነው። በሲንጋፖር ወይም በዱባይ ዓሣው የሚታገሠውን ጉድለት እዚህ ላይታገሠው ይችላል።

ደኅናው እንጨት ግን ለገንዳው ከጌጥ በላይ ይጠቅማል። ፈሪ ዓሣ የሚሸሸግበት ሲያገኝ ይረጋጋል፤ ቀለሙም ይደምቃል። በእንጨቱ ላይ የሚያበቅለው ስስ ለምለም ነገር ለትንንሽ ዓሦችና ለቀንድ አውጣ ምግብ ይሆናል። ከደቡብ አሜሪካ የሚመጡ ፓናክ የሚባሉ ዓሦችማ ጥርሳቸው እንጨት ለመፋቅ የተፈጠረ ነው፤ እነርሱን የሚሸጥ ሰው እንጨት አብሮ ባይሸጥ ገዢውን እንዳሞኘ ይቆጠራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንጨቱ ታኒን የሚባለውን ነገር ወደ ውሃው ይለቃል። የቆዳ ነጋዴዎች ታኒንን በሌላ በኩል ያውቁታል፤ ከግራር ቅርፊት እየወጣ ቆዳ የሚለፋበት እርሱ ነው። በገንዳ ውስጥ ውሃውን እንደ ቀጭን ሻይ ያቀላዋል፤ ኮምጣጣነቱንም በጥቂቱ ይጨምራል። በብራዚል የሚፈስሰው ሪዮ ኔግሮ፥ ማለት ጥቁር ወንዝ፥ ይህን ስም ያገኘው ከደኑ በሚወርደው ቅጠልና እንጨት ውሃው ጠቁሮ ስለሚታይ ነው። ካርዲናል ቴትራ የምትባለዋ ቀይና ሰማያዊ ዓሣ የዚያ ወንዝ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለው ውሃ ይስማማታል። በአንጻሩ ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቅ የሚመጡት ዓሦች ማዕድን የበዛበትን ውሃ ስለሚወዱ ለእነርሱ የሚሻለው ድንጋይ ነው። ባለሱቁ ገንዳ ከመሸጡ በፊት ገዢውን «ምን ዓሣ ነው የሚያኖሩበት?» ብሎ ቢጠይቅ ከሁለት አንዱ ዕቃ ተመላሽ ከመሆን ይድናል።

በውሃው ዓይነትም ልዩነት አለ። የከተማዪቱ ውሃ ከፊሉ ከለገዳዲ፥ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፥ ከፊሉም ከአቃቂ ጥልቅ ጕድጓዶች የሚመጣ ነው። በአለት ውስጥ የቆየ የጕድጓድ ውሃ ከዝናብ ከተጠራቀመው ይልቅ ማዕድን ይይዛልና፥ ያው አንድ እንጨት በአንዱ ሰፈር የውሃውን ጠባይ ሲለውጥ በሌላው ሰፈር ቀለሙን ብቻ ለውጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ይህ እንጨት ውሃዎን ያለሰልሳል» ብሎ በሱቅ ላይ ሆኖ መማል አይገባም።

ይህ ንግድ በውጭው ዓለም ትንሽ የሚባል አይደለም። ከአፍሪካ ደቡብ ክፍል የሚወጣው የሞፓኔ እንጨት በአንድ በኩል ጠቆር ያለ ቡናማ፥ በሌላ በኩል ፈዘዝ ያለ መልክ ያለው፥ ከውሃ የሚከብድና ያለ ድንጋይ የሚሰጥም ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአሸዋ ግፊት ተጠርቦ ይሸጣል። ቀለሙን ግን በብዛት ይለቃል። ከማሌዥያ የሚመጣው ጠቆር ያለው እንጨትም እንደዚሁ ይሰጥማል። በገበያ «የሸረሪት እንጨት» የሚባለው ከእስያ የሚላከው ቀጫጭን ሥር ግን ቀላል በመሆኑ ለብዙ ቀን ይንሳፈፋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ነጭ ልጋግ ያወጣል። ልጋጉ ለዓሣው አይጎዳም፤ ከጊዜ በኋላም ራሱ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ገዢ በሦስተኛው ቀን እንጨቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ሱቁ መመለሱ የማይቀር ነው፤ በእርሱም ሊፈረድበት አይችልም።

እንጨትን በገንዳ ውስጥ ማስዋብ እንደ ጥበብ እንዲቆጠር ካደረጉት ሰዎች መካከል ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም የተወለደው አማኖ በመጀመሪያ የብስክሌት ተወዳዳሪ፥ በኋላም ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም የገንዳ ዕቃ የሚያቀርብ ኩባንያ አቋቋመ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም፥ በሊዝበን የባሕር እንስሳት መታያ ውስጥ 40 ሜትር ርዝመት ያለውና 160,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሠርቶ አልፏል። በዚያ ገንዳ ውስጥ የተቀመጡት ግንዶች ከስኮትላንድና ከማሌዥያ የመጡ ናቸው። ነጋዴው ከዚህ የሚረዳው ነገር ቢኖር፥ ማገዶ ከመሆን በቀር ዋጋ የሌለው የሚመስል ግንድ ተመርጦና ተዘጋጅቶ ሲቀርብ ባሕር ተሻግሮ የሚገዛ መሆኑን ነው። የሚከፈለው ለእንጨቱ ሳይሆን ለመረጣው፥ ለድካሙና ለእምነቱ ነው።

አሁን ወደ ምንዛሪው ክርክር እንመለስ ቢባል፥ ነገሩ ከዚህ በፊት ከነበረው ተለውጧል። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተከልክለው ነበር፤ ይኸው ክልከላ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ጊዜ ተነሥቷል። እንግዲህ ጥያቄው ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው መሆኑ ቀርቶ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ሆኗል። በዚህ ረገድ የፊተኛው ወገን ግማሽ እውነት መታየት ይኖርበታል። ቅርንጫፍ የበዛበት እንጨት በመርከብ ሲጫን ዕቃው ከሌሎች ጋር ተቀይጦ ከሆነ ኪራዩ የሚታሰበው ከክብደቱና ከያዘው ስፍራ በሚበልጠው ነው። ባለብዙ ጣት ሥር ደግሞ ከክብደቱ ይልቅ ስፍራው ይበልጣል። በሌላ አነጋገር አስመጪው ከጅቡቲ ወዲህም ሆነ ወዲያ የሚከፍለው በቅርንጫፎቹ መካከል ላለው ባዶ አየር ነው። ከዚህም በላይ ሁለት ቁራጭ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለማይገኝ፥ ላኪው በኪሎ መዝኖ ይሸጥለትና እርሱ ግን ለገዢው በመልክ ይሸጣል፤ መልክ የጎደለው ግማሹ ጭነት በመጋዘን ይቀራል። ይህን ያልቆጠረ ሰው በወረቀት ላይ ያተረፈውን በመጋዘን ያጣዋል።

ስለዚህ የአገሩን እንጨት አዘጋጅቶ መሸጥ የሚነቀፍ ሐሳብ አይደለም። የሚነቀፈው ሳያዘጋጁና ሳይለዩ መሸጡ ነው።

ለዚህ ሥራ ከሚታሰቡት መካከል በተለይ ሊመረመር የሚገባው የቡና እንጨት ነው። ያረጀ ቡና ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ተጎንድሎ አዲስ እንዲያቈጠቍጥ ይደረጋል፤ ይህም በቡና አገር ሁሉ የታወቀ ሥራ ነው። የሚጎነደለው ግንድና ቅርንጫፍ እስከ ዛሬ ከማገዶነት የዘለለ ጥቅም አላገኘም። በኢንዶኔዥያ ግን ያረጀ የቡና እንጨት ተልጦና ተስተካክሎ «የጃቫ እንጨት» በሚል ስም ለቤት ወፎች መቆሚያ እየሆነ ወደ ሌላ አገር ይሸጣል። እንጨቱ ጠንካራ፥ ጠማማና መልከ መልካም ነው። ለመቍረጥም ተብሎ አንድ ዛፍ አይወድቅም፤ የሚቈረጠው ድሮም መቈረጥ የነበረበት ነው። ከኮሶ፥ ከዝግባና ከወይራ ደን ቈርጦ ለጌጥ ከማምጣት ጋር ይህ በምንም አይመሳሰልም። እንዲህ ያለውን ቍርጥራጭ ለገንዳ ማዘጋጀት ለአንድ ቸርቻሪ ተጨማሪ ዕቃ ነው፤ ለገበሬውም የማገዶ ዋጋ ከሚያገኝበት የተሻለ ነው።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች ቀድመው መታወቅ አለባቸው። ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም መድኃኒት ከተረጨበት እርሻ የመጣ እንጨት ለዓሣ አይሆንም፤ ስለዚህ ገበሬውን በስም ማወቅና መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ ቡናን ከነሕይወቱ የሚያደርቀው የሥርና የግንድ በሽታ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የቆየ ነው፤ በዚህ በሽታ የደረቀ ዛፍ ተነቅሎ እዚያው በቆመበት ስፍራ እንዲቃጠል ነው የሚመከረው። አንድ ነጋዴ የደረቀውን አይቶ «ይህ ደርቆልኛል፤ ማድረቂያም አላወጣም» ብሎ ጭኖ ቢያልፍበት፥ ለአንድ ገንዳ ጌጥ ሲል በሽታውን ከወረዳ ወደ ወረዳ ሊያጓጕዝ ነው። የቡና ላኪዎች የሚያነቡት ጋዜጣ ላይ ይህን ማብዛት አያስፈልግም። ሦስተኛው ከላይ የተነገረው የብርብራ ነገር ነው፤ እንጨቱ ከእርሻው ሲነሣ ቡናውን ከጥላው ዛፍ የሚለይ ሰው አብሮ መቆም አለበት። ጭነቱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ መለየቱ አስቸጋሪ ነው።

የአዘገጃጀቱ ሥራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እንጨቱ በመጀመሪያ ፈጽሞ ይደርቃል፤ ቅርፊቱ ይላጣል፤ የበሰበሰውና የተቦረቦረው ክፍል በቢላ ተቈርጦ ይወጣል። ቀጥሎ በጠንካራ ብሩሽ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠባል። ሳሙናና ኦሞ እንጨቱ ውስጥ ሰርገው ስለሚቀሩ ፈጽሞ አይነኩትም። ከዚያ በትልቅ ድስት ወይም በበርሜል ይቀቀላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንጂ በ100 አይደለምና፥ በውጭ መጽሐፍ የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ መከተል አይበቃም፤ ጨመር ማድረግ ይገባል። ከቀቀሉት በኋላ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ ውሃውን በየጥቂት ቀኑ እየለወጡ፥ ቀለሙ እስኪቀንስና እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ እስኪሰጥም ድረስ ማቆየት ነው፤ ይህም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አልሰጥም ያለውን ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በማይዝግ ብሎን ማሰር ይቻላል። በምስማር መቸንከር ግን አይገባም፤ ይዝጋል። ቫርኒሽ መቀባትም እንደዚሁ ክልክል ነው፤ አንዳንድ ባለሱቆች እንጨቱ እንዲያብረቀርቅ ብለው የሚቀቡት ለገንዳ ሳይሆን ለቁም ሣጥን የሚሆን ነገር ነው።

ከወንዝ ዳር የሚለቀም እንጨት በሌላ አገር የተለመደ ነው፤ ውሃው ራሱ አጥቦ ያዘጋጀው ነውና። በአቃቂ ወንዝ ዳር ግን ይህን ማድረግ አይገባም። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ሲጠጣ የኖረ እንጨት ምን እንደያዘ በዓይን አይታወቅም። የባሕር ዳር እንጨትም ጨው ስለሚይዝ ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ አለበት።

ከመጋዘን ደጅ ስለሚገኘው የፓሌት ጣውላ አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው፤ ከእርሱ ገንዳ ሲያስጌጡ የታዩ ሰዎች አሉና። አስመጪዎች እንደሚያውቁት ለዓለም ንግድ የሚያገለግል የእንጨት ማሸጊያ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም በጸደቀው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ተባይ እንዳያዛምት መታከም አለበት፤ ማሕተምም ይመታበታል። በሙቀት የታከመው እስከ እንጨቱ እምብርት ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ የቆየ ነው። «ኤም ቢ» የሚል ምልክት ያለበት ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው። ሁለቱም ማሕተሞች የሚመሰክሩት ተባይ ስለመገደሉ እንጂ እንጨቱ ለዓሣ የሚስማማ ስለመሆኑ አይደለም። በፓሌቱ ላይ በመንገድ ምን ዘይትና ምን ኬሚካል እንደፈሰሰበት ደግሞ ማሕተሙ አይናገርም።

እንጨቱን ከውጭ ለሚያስመጣውም ቢሆን ሥራው በባንክና በጉምሩክ አያልቅም። ከሚያስመጣበት አገር የዕፀዋት ጤና ማረጋገጫ መጠየቅ፥ በደረሰኙ ላይም «ጌጣጌጥ» ተብሎ በጅምላ እንዳይጻፍ፥ የእንጨቱ ስምና የተቈረጠበት አገር እንዲገለጽ ማስገደድ አለበት። ላኪው የእንጨቱን ስም ለመጻፍ የሚያመነታ ከሆነ ዕቃውን ባይገዙት ይሻላል። ስሙ የማይታወቅ እንጨት ከየትኛው ደን እንደተቈረጠ አይታወቅም፤ በውሃ ውስጥ ምን እንደሚያደርግም አይታወቅም።

በመጨረሻ ገዢው ዘንድ የሚደርሰው ነገር አለ። በእያንዳንዱ እንጨት ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ቢታሰር ወጪው የሚቆጠር አይደለም። በወረቀቱ ላይ በአማርኛ የእንጨቱ ስም፥ የመጣበት ስፍራ፥ የተቀቀለና የተዘፈዘፈ መሆን አለመሆኑ፥ ውሃ ያቀላል ወይስ አያቀላም፥ ነጭ ልጋግ ሊያወጣ እንደሚችልና ይህም እንደማይጎዳ ቢጻፍ ይበቃል። ቀለሙን የማይወድ ገዢ በማጣሪያው ውስጥ ከሰል ቢጨምር እንደሚቀንስለትም መጻፍ ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች «እንዲህ ያለውን ጕድለት በራሴ እጅ ጽፌ ገዢ አላባርርም» ይላሉ። ነገር ግን ቡናማ ውሃ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሲያየው እንደተባለው ሆነ ይላል፤ ያልተነገረው ሰው ያንኑ ውሃ ሲያይ ተታለልኩ ይላል። ውሃው አንድ ነው።

ዓሣው በእንጨቱ ምክንያት በሞተ ጊዜ ኪሳራው የማን ነው የሚለው ጥያቄም መልስ ይሻል። ገዢው እንጨቱን ከሌላ ስፍራ አምጥቶ ካስገባ የራሱ ነው። ከሱቁ የገዛው ከሆነ ግን የሻጩ ነው፤ ምክንያቱም ገዢው ሱቅ የመጣው ይህን መለየት የሚችል ሰው አለ ብሎ ነው። እንጨቱን ከእንጨት ተራ በርካሽ የገዛው ሻጭ ትርፉን ሲወስድ የመለየቱንም ግዴታ አብሮ ወስዷል። በዚህ ላይ የሚከራከሩ ብዙዎች መሆናቸው አይካድም።

ያ ባለሱቅ የሁለቱን ጊዜ ዓሣ ዋጋ ከራሱ ከፍሏል። አሁን በሱቁ ጓሮ ሁለት በርሜሎችና አንድ ትንሽ ገንዳ አሉት። አዲስ እንጨት ሲመጣ በበርሜሉ ዘፍዝፎ ያቆየዋል፤ ከዚያም ወደ ትንሹ ገንዳ ከጥቂት ዓሦች ጋር አግብቶ ሳምንታት ካሳለፈ በኋላ ነው ለሽያጭ የሚያወጣው። ከቡና አገር ጭነት በመጣ ቁጥር ደግሞ የእንግዳ ማረፊያውን ዘበኛ በታክሲ ያስመጣና እንጨቱን አንድ በአንድ ያሳያቸዋል፤ ለድካማቸውም ይከፍላቸዋል።